ለመሆኑ የዚህች መርከብ ባለቤት ማን ነበር?

በእኛ አቆጣጠር ጥር 26 ቀን 1998 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከሳዑዲዋ ዱባ ወደብ ተነስታ ወደ ግብጿ ሳፋጋ ስትጓዝ የነበረች የመንገደኞች መርከብ ቀይ ባሕር መሀል ተገለበጠች። ከ1,400 በላይ ሰው ነበረባት። የተረፈው 400 አይሞላም። ከሺህ በላይ የሰው ነፍስ በአንድ ሌሊት ባሕር በላው። መርከቢቱ “አል ሰላም ቦካቾ 98” ትባል ነበር። የሰላም ስም የያዘች፣ ስሟ ላይ 98 የጻፈች፣ በ98 የሞተች።

ያኔ ዓለም አንድ ሳምንት ጮኸና ዝም አለ። ካይሮም የአፍሪካ ዋንጫ እያስተናገደች ስለነበር በሳምንቱ ግብጽ ዋንጫዋን አነሳች፤ ጭፈራው ለቅሶውን ዋጠው። እኔን ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ የሟቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አንዲት ተራ ጥያቄ ናት። መርከቢቱ የማን ነበረች?

ቀላል ጥያቄ ትመስላለች አይደል? እስቲ ሞክሩት!

እኛ ሀገር አንድ ሚኒባስ ገደል ቢገባ ትራፊክ ፖሊሱ መጀመሪያ የሚያየው ታርጋዋን ነው፤ ቀጥሎ ሊብሬ አምጡ፣ ቦሎዋን አሳዩኝ ይላል። በዚያው መንገድ እንሂድ። የመርከብ ታርጋ ባንዲራዋ ነው፤ የቦካቾ ባንዲራ የፓናማ ነው። ፓናማ የት፣ ቀይ ባሕር የት! ሊብሬዋ ላይ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው “ፓሲፊክ ሰንላይት ማሪን” የሚባል እዚያው ፓናማ የተመዘገበ ኩባንያ ነው። ቦሎዋን፣ ማለትም ለመጓዝ ብቁ ናት የሚለውን የምስክር ወረቀት የሰጣት “ሪና” የሚባል የጣሊያን ድርጅት ነው። ትኬት የሚሸጠውና ገንዘቡን የሚሰበስበው ደግሞ ካይሮ የተቀመጠው “ኤል ሰላም ማሪታይም” ነው። የኩባንያው ጌታ ማነው ካላችሁ ማምዱህ ኢስማኢል የሚባሉ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የግብጽ የሹራ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ባለሀብትም፣ ሕግ አውጪም! ጉዱን አያችሁት?

አራት ቦታ የተከፋፈለ ባለቤትነት ማለት ይሄ ነው። ገቢው በሚሰበሰብበት ቀን ባለቤቱ አንድ ነው። ሬሳው በሚሰበሰብበት ቀን ግን አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። በባሕር ንግድ ይህ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ግብሩ ዝቅ፣ ቁጥጥሩ ላላ የሚልበትን ባንዲራ ፈልጎ መስቀል የተለመደ ነው። የተለመደ መሆኑ ነው የሚያስፈራው።

የመርከቢቱን ዕድሜ ከሥሩ ልንገራችሁ። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1970 ኔፕልስ አጠገብ ባለችው ካስቴላማሬ ዲ ስታቢያ ነው። የመጀመሪያ ባለቤቷ የጣሊያን መንግሥት የነበረው የቲሬንያ ኩባንያ ሲሆን፣ ሥራዋም በጣሊያን የሀገር ውስጥ መስመር ሰውና መኪና ማመላለስ ነበር። አብረዋት የተሠሩ አምስት እህትማማቾች አሏት፤ ሁሉም የደራሲ ስም ነው የወጣላቸው። ፔትራርካ፣ ማንዞኒ፣ ሊዮፓርዲ… ለደራሲ መርከብ የሚሰይም ሀገር ያስቀናል መቼም!

ለሃያ ዓመት አካባቢ እንዲህ ስትመላለስ ቆየች። በ1991 ጣሊያኖቹ ወደ መሥሪያ ቦታ መለሷትና ከላይ ፎቅ ጨመሩላት። ስፋቷም ርዝመቷም እንደነበረ ነው፤ የጨመረችው ወደ ላይ ነው። 200 መኪና ትይዝ የነበረችው 320 እንድትይዝ፣ 1,300 መንገደኛም እንድታሳፍር ተደረገች። ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ የሄደ ሰው ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ፖርቶ መጋላው ላይ ጆንያና አልጋ የተቆለለበት አውቶቡስ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሰማ እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩ የተበላሸው አረብ እጅ ከገባች በኋላ ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ጭነቱ ወደ ላይ የተቆለለው እዚያው አውሮፓ ነው፤ በመንግሥት ኩባንያ እጅ።

ከዚያ በኋላ አውሮፓ ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። በ1987 “ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ” የተባለች የእንግሊዝ መርከብ የመኪና መግቢያ በሯ ሳይዘጋ ከዜብሩገ ወደብ ወጥታ 193 ሰው ገደለች። በ1994 “ኢስቶኒያ” ባልቲክ ባሕር ውስጥ 852 ሰው ይዛ ሰጠመች። ሁለቱንም ያሰጠማቸው የመኪናው ወለል ላይ የገባ ውሃ ነው። መኪና የሚጭን መርከብ ሆዱ እንደ አዳራሽ ክፍት ነው፤ መሀሉ ግድግዳ የለውም። ሰፊ ትሪ ላይ ጥቂት ውሃ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ተሸክማችሁ ሂዱ። ትሪው ትንሽ ዘመም ሲል ውሃው በሙሉ ወደዚያ ይሮጣል፤ ውሃው ሲሮጥ ትሪው የበለጠ ይዘማል። መርከብንም የሚገለብጣት ይኸው ነው። ስለዚህ የሰሜን አውሮፓ መንግሥታት በ1996 ስቶክሆልም ላይ ተስማምተው፣ ወለሏ ላይ ውሃ ቢገባ እንኳ የማትገለበጥ መርከብ ካልሆነች ሰው አትጭንም የሚል ጥብቅ ደንብ አወጡ። ኋላም በ2003 የአውሮፓ ኅብረት ደንቡን ለመላው አባል ሀገሮች አደረገው።

ጥሩ ደንብ ነው፤ የሚወቀስ አይደለም። ግን አሮጌ መርከብን ለዚህ ደንብ ማብቃት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። የማይበቃውስ ወዴት ይሂድ? ቁርጥራጭ ብረት ከሚሆን ደንቡ ወደማይደርስበት ባሕር ሄዶ ይሥራ! ከዚህ በታች ዋጋ ያለው ሰው የሚኖርበት ባሕር አለ ማለት ነው። ቦካቾ በ1999 ተሸጠች። ስሟ ፊት “አል ሰላም” ተቀጠለ፣ ኋላው ላይ 98 ተለጠፈ፣ ሥራ ቀጠለች። ዕድሜዋ ያኔ ሠላሳ ሊሞላ አንድ ዓመት ነበር የቀረው።

የመጀመሪያዋም አይደለችም። ከእሷ በፊት በዚሁ በሳፋጋ መስመር “ሳሌም ኤክስፕረስ” ነበረች። እሷ ደግሞ ፈረንሳይ ላ ሴን ውስጥ ተሠርታ በ1966 ሥራ ስትጀምር “ፍሬድ ስካማሮኒ” ነበር የምትባለው፤ በኮርሲካ ጀግና ስም። ከዚያ “ኑዊ ሳን ዦርዥ” ሆነች፤ ከዚያ “ሎርድ ሳይናይ”፤ ከዚያ “አል ታህራ”፤ በመጨረሻ “ሳሌም ኤክስፕረስ”። ይሄ ሁሉ ስም ለአንድ ብረት! በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ከጅዳ ስትመለስ በሌሊት፣ መንገድ ለማሳጠር በኮራል ድንጋዮቹ ውስጠኛ በኩል ስታቋርጥ ተጋጨች። የፊት በሯ ተከፈተ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። በመንግሥት ቁጥር 470 ያህል ሰው አለቀ። ዛሬ ጎብኚዎች ከፍለው እየጠለቁ የሚያዩት ስብርባሪ ነው።

እንግዲህ ግብጽ አልተማረችም ማለት አይቻልም፤ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የት ይገኛል? ቦካቾ ከመስጠሟ ሦስት ወር በፊት እንኳ፣ በጥቅምት 2005፣ የዚያው ኩባንያ ሌላ መርከብ ከጭነት መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጥማ ነበር። ሁለት ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ቆሰለ። ኩባንያው ግን ትኬት መሸጡን ቀጠለ።

ተሳፋሪው ማን ነበር? አብዛኛው ሳዑዲ ውስጥ ጉልበቱን ሸጦ የሚመለስ የላይኛው ግብጽ ሠራተኛ ነው። ከሐጅ የሚመለሱም ነበሩበት። ለአውሮፕላን ትኬት ገንዘብ ያለው ሰው በሌሊት ቀይ ባሕርን በአሮጌ መርከብ አያቋርጥም። ከአረብ ሀገር ተመላሽ ዘመድ ያለው ኢትዮጵያዊ እነዚህን ሰዎች መልካቸውን ሳያይ ያውቃቸዋል፤ የሞላው ሻንጣ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ የተገዛው ነገር፣ ወደብ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ቤተሰብ። የግብጾች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚለኝ ካለ መልሴ ይኸው ነው።

ማታ ከዱባ ተነሳች። ብዙም ሳይቆይ የመኪናው ወለል ላይ እሳት ተነሳ። ተራፊዎች እንደመሰከሩት መንገደኛው እንመለስ ብሎ ለምኗል፤ ካፒቴኑ ግን ወደ ሳፋጋ ቀጠለ። ሠራተኞቹ የባሕር ውሃ እየሳቡ እሳቱ ላይ አፈሰሱ። ውሃው በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ወደ ባሕር መመለስ ሲገባው ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ኖሮ እዚያው ወለሉ ላይ ተጠራቀመ። ያች ትሪ ትዝ አለቻችሁ? እሳት ለማጥፋት የፈሰሰው ውሃ ራሱ መርከቢቱን ገለበጣት። ላይዋ የከበደ፣ ሆዷ ውሃ የሞላ፣ ባሕሩ ደግሞ ነፋስ የነበረበት። አትጨነቁ፣ የሕይወት አድን ጃኬትም አትልበሱ ተብለን ነበር ያሉ ተራፊዎች አሉ።

የጭንቅ ጥሪዋን ሰምቶ ያሳወቀው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስኮትላንድ ውስጥ ኪንሎስ በሚባል ቦታ ያኔ የነበረ የእንግሊዝ አየር ኃይል ጣቢያ! ከመርከቢቱ የወጣውን ምልክት በሳተላይት ያዘና ለግብጽ እንዲደርስ አደረገ። ነፍስ አድን ሠራተኞች የደረሱት ግን ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሰው ባሕር ላይ እየቀዘቀዘ አለቀ። እንግሊዞች በአካባቢው የነበረ የጦር መርከባቸውን እንላክ ቢሉ ግብጽ መጀመሪያ አያስፈልግም አለች። ሳፋጋ ወደብ ላይ ዘመዶች የተሳፋሪ ስም ዝርዝር አጥተው በፖሊስ ሲገፉ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥታቸው አለቀና የኩባንያውን ቢሮ ሰብረው ገቡ፤ ዕቃውን አውጥተው አቃጠሉ። ሕዝብ ቢሮ ሲያቃጥል ወንበዴ ይባላል፤ ኩባንያ ሰው ሲያቃጥል ምን እንደሚባል እስካሁን ቃል አልወጣለትም።

የግብጽ ፓርላማ አጣሪ ኮሚቴ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ኩባንያው መርከቢቱን ጉድለት እያለባት ሲያሠራት እንደነበረ፣ ከባሕር ባለሥልጣኖችም ጋር መመሳጠር እንደነበረ በሪፖርቱ አስታወቀ። ለመንግሥት ፓርላማ እንዲህ መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይመሰገናል። ግን ባለቤቱ የምክር ቤት አባል ናቸው፤ ያለመከሰስ መብት አላቸው። መብቱ እስኪነሳ ድረስ እሳቸው ከሀገር ወጥተው ለንደን ገብተዋል። ካፒቴኑ ከጠፉት አንዱ ስለሆነ መልስ አይሰጥም። ጉዳዩ ከባድ ወንጀል ሳይሆን ቸልተኝነት ተብሎ ሄደ፤ በ2008 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ባለቤቱን በነፃ አሰናበታቸው። የዚያን ቀን የተፈረደበት ማን ነበር? በአካባቢው ሲያልፍ ለመርዳት አልቆመም የተባለ የሌላ መርከብ ካፒቴን ነው፤ ስድስት ወር። ከሺህ በላይ ሰው ሞቶ መርከቢቱ ላይ ያልነበረ ሰው ስድስት ወር! ፍርድ ቤቱ ውስጥ የነበሩት እናቶች ምን እንዳሉ መገመት አያቅትም።

በሀገሪቱ ጩኸት በረታ፤ ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ አለ። በመጋቢት 2009 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማምዱህ ኢስማኢል ላይ የሰባት ዓመት እስራት ፈረደ። በሌሉበት ነው ታዲያ። ፍርዱ ካይሮ፣ ፍርደኛው ለንደን።

ቦሎ ሰጪውስ? ይሄ ነው እምብዛም የማይወራው። የሟቾች ቤተሰቦችና ከአደጋው የተረፉ ሰዎች ጄኖቫ ድረስ ሄደው ሪናን በሀገሩ ፍርድ ቤት ከሰሱት። ክሳቸው መርከቢቱን መርምረህ ብቁ ናት ያልከው አንተ ነህ፣ የሰጠመችው ካንተ ሥራ የተነሳ ነው የሚል ነው። የሪና መልስ ግን ስለ መርከቢቱ አልነበረም። እኔ የሠራሁት በፓናማ መንግሥት ስም ነው፣ መንግሥት ደግሞ በሌላ ሀገር ፍርድ ቤት አይከሰስም፣ ስለዚህ እኔም አልከሰስም አለ። ክፍያውን የተቀበለው እንደ ነጋዴ፣ ክሱ ሲመጣ እንደ መንግሥት!

የጄኖቫው ፍርድ ቤት ነገሩን ወደ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ላከው። ሉክሰምበርግ ያሉት ዳኞች በግንቦት 2020 መልስ ሰጡ። ተከፍሎት መርከብ መርምሮ ወረቀት መስጠት የመንግሥትን ሥልጣን መጠቀም አይደለም፣ ስለዚህ ይህን ሥራ የሠራ ድርጅት በመንግሥት ጥላ ሥር ሊደበቅ አይችልም፣ የጄኖቫው ፍርድ ቤትም ይህንኑ አጣርቶ ክሱን ማየት ይችላል አሉ። ፍርድ አይደለም፤ ካሳም አይደለም። ከሳሾቹ በሩን ማንኳኳት ትችላላችሁ የተባሉት ዘመዶቻቸው በሰጠሙ በ14ኛው ዓመት ነው።