«አሮጌ መሆኑን አይተህ ነው የገዛኸው»፦ ያገለገለ የብስክሌት ዕቃና የተደበቀው ዐይብ



ያገለገለ የብስክሌት ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ያዳመጠ ሰው አንዲት ንግግር ሳይሰማ አይሄድም፦ «አሮጌ መሆኑን አይተህ ነው የገዛኸው!» መርካቶ ምናለሽ ተራ ግቡ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ብስክሌት ጠጋኞች ደጃፍ ቁሙ፣ ንግግሩ ያው ነው። ገዢው ትናንት የወሰደውን ቸርኬ ይዞ ይመለሳል። ሻጩ ዕቃውን በእጁ እንኳ ሳይነካ ያቺን ቃል ይወረውራል። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ሰው ይሰበሰባል። አንዱ «ወላሂ ከአንተ ስወስድ እንዲህ ነበር» ሲል ሌላው «ወላሂ ደህና ዕቃ ነው የሰጠሁህ» ይላል። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ በአላህ ስም እየዋሸ ነው፤ ካልሆነም አንዱ በማያውቀው ነገር እየማለ ነው። ያውም ለጥቂት መቶ ብር!

እኔ የምለው ይህን ነው፦ «አሮጌ» የሚለው ቃል የዕቃውን ዕድሜ ይናገራል እንጂ ዐይቡን አይናገርም። ዐይቡን እያወቀ ዝም ያለ ሻጭ በዚህች ቃል ተከልሎ አላህ ዘንድ ነፃ ሊወጣ አይችልም።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ግን ዛሬ ያገለገለ የብስክሌት ዕቃ የሚገዛው ማን እንደሆነ አስቡ። አዲስ ብስክሌት መግዛት ያቃተው ተማሪ፣ የታክሲ ወጪ የከበደው የቀን ሠራተኛ፣ ዕቃ በማድረስ ኑሮውን የሚገፋ ልጅ ነው። ፍሬሙን ከአንዱ፣ ጎማውን ከሌላው፣ መሪውን ከቆራሌው እየለቃቀመ አንድ ብስክሌት ያቆማል። አዲስ አበባ ላይ ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ሲሠራ የገዢው ቁጥር ይጨምር እንደሆነ እንጂ አይቀንስም። ይህ ልጅ የሚገዛው ዕቃ ከሥሩ ቢሰበር የሚወድቀው ከኋላው ሚኒባስና አይሱዙ በሚከተልበት አስፋልት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ማለቅና ዐይብ መለየት አለባቸው። ዑለማዎቻችን ዐይብ የሚሉት በዕቃው ዓይነት ከተለመደው ውጪ የሆነና ዋጋውን የሚቀንስን ጉድለት ነው። ያገለገለ ጎማ ጥርሱ ቢበላ፣ ኮርቻው ቢቀደድ፣ ቀለሙ ቢላጥ ይህ የአሮጌነት ወጉ ነው፤ ገዢው በዓይኑ አይቶ፣ ዋጋ አስቀንሶ ወስዷል። ካቴናም ያልቃል። መለካት የሚፈልግ ማስመሪያ ይያዝ፦ አዲስ ካቴና ከአንዱ ፒን ጀምሮ 24 አያያዦች ሲቆጠሩ 30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከረዘመ አልቋል። ይህን ሳይለካ ገዝቶ ነገ «አታለልከኝ» ማለት ደግ አይደለም።

የተሰነጠቀ ሹካ ግን ሌላ ነገር ነው። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ሲሰነጠቅ ምን እንደሚደረግ በሙያው ያላችሁ ታውቃላችሁ። ይበየዳል፣ ብየዳው በሞረድ ይስተካከላል፣ ስቱኮ ይለጠፍበታል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ከብረት የተሠራ ከሆነ ጥሩ በያጅ ሊያድነው ይችላል፤ ይህን አልክድም። አሉሚኒየም ከሆነ ግን የብየዳው ሙቀት ብየዳው አጠገብ ያለውን ክፍል ያለሰልሰዋል፤ በእኛ ሰፈር ብየዳ ቤት ደግሞ ጥንካሬውን የሚመልስለት መሣሪያ የለም። ቀለሙ ደርቆ ሲያበራ ገዢው የሚያየው ከሌሎቹ ሁሉ አዲስ የሚመስል ሹካ ነው። ዋጋውም ከፍ ይላል። ሱብሐነላህ! የተጎዳው ዕቃ ካልተጎዳው በላይ ተሸጠ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሰዎች ወተቷ ብዙ እንዲመስል የግመልን ወይም የበግን ጡት ሳያልቡ ቀናት አቆይተው ገበያ ያወጡ ነበር። ነቢዩ ይህን ከለከሉ፤ እንዲህ ያለች እንስሳ የገዛም ካለባት በኋላ ሦስት ቀን ምርጫ እንዳለው፣ ከፈለገ ከአንድ ቁና ቴምር ጋር እንደሚመልሳት ወሰኑ። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ያለ ነው። የተቀባው ሹካ ያው የታሰረው ጡት ነው።

አሁን ወደዚያች ቃል እንመለስ። «እንዳለ ነው የሸጥኩህ፣ ከዐይቡ ነፃ ነኝ» የሚለው ሻጭ ጉዳይ ሰሓቦች ዘንድም ተነስቶ ነበር። ኢማም ማሊክ በሙወጠእ እንደዘገቡት፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር አንድ ባሪያ ከዐይብ ኃላፊ አለመሆናቸውን ገልጸው በ800 ዲርሃም ሸጡ። ገዢው በኋላ «ያልነገርከኝ በሽታ አለበት» ብሎ ከሰሳቸውና ዑስማን ኢብኑ ዐፋን ፊት ቀረቡ። ዑስማን የፈረዱት ኢብኑ ዑመር ሲሸጡት በሽታ እንዳለበት እንደማያውቁ እንዲምሉ ነበር። ኢብኑ ዑመር መማል አልፈለጉም፤ ባሪያውን መልሰው ወሰዱት። በኋላ ተሻለውና በ1500 ዲርሃም ሸጡት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዑስማን የጠየቁት «ነፃ ነኝ ብለሃል ወይስ አላልክም?» ብለው አይደለም፤ ያማ ተብሏል፣ ሁለቱም ያምናሉ። የጠየቁት «ታውቅ ነበር ወይ?» ብለው ነው። ፍርዱ የዞረው በእውቀት ላይ ነው። ኢብኑ ዑመር ደግሞ በአላህ ስም ከመማል ገንዘቡን መመለስ መረጡ። እኛ ጋ ገና ዋጋ ሳይነገር ሦስት ጊዜ «ወላሂ» ይባላል። በንግድ ላይ መሐላ ዕቃውን ቢያሸጥም በረካውን እንደሚያጠፋ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ እና አንዳንዱ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ሽጦ ማታ ኪሱ ለምን ባዶ እንደሚሆን ግራ ሲገባው አዝናለሁ።

በመዝሀቦች መካከል ልዩነት የለም አልልም። አገራችን ውስጥ ሻፊዒውም ሐነፊውም በብዛት አለና ሁለቱንም እንይ። በሐነፊዎች ዘንድ ሻጩ ከማንኛውም ዐይብ ነፃ ነኝ ብሎ ገዢው ከተስማማ ውሉ ይጸናል፣ ገዢው በዐይብ ምክንያት መመለስ አይችልም። በሻፊዒዎች ዘንድ ሚዛን በደፋው አቋም፣ ሻጩ ካላወቀው የእንስሳ ስውር ዐይብ በቀር እንዲህ ያለው ቃል አያድነውም፤ ብስክሌት ደግሞ እንስሳ አይደለም። ግን ልብ በሉ፦ ሐነፊዎቹም ቢሆኑ ውሉ ጸና አሉ እንጂ የሚያውቁትን ዐይብ ቀብቶ መደበቅ ሐላል ነው አላሉም። ውሉ መጽናቱና ሻጩ ከወንጀል መዳኑ ሁለት ጉዳይ ነው። የአገሪቱም ሕግ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ በተንኮል የደበቀውን ጉድለት በተመለከተ «ኃላፊ አይደለሁም» የሚል የውል ቃል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል።

ከሻጩ ሌላ አንድ ሰው አለ፤ ስለሱ ብዙም አይወራም። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ነው። ሹካው ሲበየድ አይቷል፣ ምናልባት ሞረዱን ያዋሰው እሱ ነው። ገዢው ዕቃውን አገላብጦ ሲያይ «የሰው ገበያ አላበላሽም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ይህን እንደ ጨዋነት የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው። ሰሓባው ዋሢላ ኢብኑል አስቀዕ ግን እንዲህ አላደረጉም። ኢማም አሕመድ በዘገቡት መሠረት አንድ ሰው ከእሳቸው ግቢ ግመል ገዝቶ ሲወጣ ደረሱበትና ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ የፈለግካት ብለው ጠየቁት። ለሐጅ ጉዞ እንደሆነ ሲነግራቸው እግሯ ቁስል እንዳለበት ገለጹለት። ሻጩ ገበያዬን አበላሸህብኝ ብሎ ሲቆጣ፣ ዐይብን ሳይገልጹ መሸጥ እንደማይፈቀድ፣ የሚያውቅ ሰውም ዝም ማለት እንደማይፈቀድለት ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሩት።

ጥያቄያቸው እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ለሥጋ ወይስ ለጉዞ? ያቺው ግመል ለሥጋ ብትሆን ቁስሏ ምንም አይደለም። የእኛም ሻጭ «ለምን ልታደርገው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ግማሹ ጠብ አይነሳም ነበር። ለሕፃን ልጅ የግቢ መጫወቻ የሚሆን ቸርኬ 40 ኪሎ ጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው አይሆንም።

አጭበርባሪ የሌለበት ጠብም አለ፤ ዋናው መነሻ የጎማ ቁጥር ነው። «26 ቁጥር» ተብሎ የተሸጠ ጎማ ቤት ሲደርስ ቸርኬው ላይ አልገባ ይላል። ሻጩ አልዋሸም፣ ገዢውም አልዋሸም። በተለመደው የማውንቴን ብስክሌት 26 ሲባል ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ 26 በ1 ከ3/8 የሚባለው ደግሞ 590 ነው። 28ም እንዲሁ ነው፦ የተለመደው 622፣ የድሮዎቹ ትልልቅ ብስክሌቶች 635። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ትታችሁ ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈውን፣ ለምሳሌ 47-559 የሚለውን፣ አንብቡ። ተሳስታችሁ ከገዛችሁ መብት አለኝ ብላችሁ አትጩሁ፤ «አፉ በለኝ፣ አልሆነልኝም» በሉ። ሻጭ ሆይ፣ አንተም የተጸጸተን ገዢ ዕቃውን መልሶ የሚቀበል ሰው በቂያማ ዕለት አላህ ከስህተቱ እንደሚያነሳው የተነገረውን አትርሳ። ጎማው አልተነካ፣ ነገ ለሌላ ትሸጠዋለህ።

አሁን ደግሞ ወደ ገዢው። ዕቃ ገዝቶ ቤት ወስዶ የራሱን የተበላ ኩሽኔታ አስገብቶ «ይኸው ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልስ አለ። ይህ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሳያውቅ የሚያበላሽም አለ፤ የግራ ፔዳል ጥርሱ ከቀኙ ተቃራኒ እንደሚዞር የማያውቅ ልጅ በጉልበት አስገብቶ የሚገባበትን ጥርስ ይፈጨውና ለሻጩ ይመልሳል። እዚህ ላይ ፊቅሁ ግልጽ ነው፦ በገዢው እጅ አዲስ ጉዳት የደረሰበት ዕቃ እንዳለ አይመለስም። የድሮ ዐይብ እንደነበረበት ከተረጋገጠ ዐይቡ የቀነሰው ዋጋ ተሰልቶ ይካሳል እንጂ ሙሉ ገንዘቡን አምጣ አይባልም። ዐይቡን ካወቀ በኋላ ሁለት ሳምንት ሲነዳበት ቆይቶ የሚመጣም ወዶ እንደተቀበለ ይቆጠራል።

በቴሌግራም ፎቶ አይታችሁ በቴሌብር የምትልኩ ወንድሞችና እህቶች፣ ሹካና ፍሬም በፎቶ አትግዙ። ብየዳ በፎቶ አይታይም። ዋጋው ከሚገባው በታች በጣም የወረደ ሙሉ ጎማ ወይም ፍሬም ስታዩም ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ሲንተባተብ ተዉት። የሰው ብስክሌት ከመስጂድ በር ተሰርቆ ተፈታትቶ የሚሸጠው ገዢ ስላለ ነው።

በየመስጂዱ እንዲህ ያለ ክርክር ለሚዳኙ ታላላቆቻችንና ኡስታዞቻችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሁለቱን ከማስማላችሁ በፊት ዕቃውን አስመጡ፣ ከሁለቱም ጋር ዝምድና የሌለው አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ጥሩ። ዐይቡ ከሽያጩ በፊት የነበረ ነው ወይስ በኋላ የመጣ የሚለውን ባለሙያ እንደሚናገር ፊቅሁ ራሱ ያስተምራል። ስንጥቁ ውስጥ የቆየ ዝገት ካለ፣ ቀለሙ ሲፋቅ ሥሩ ስቱኮ ከወጣ፣ ነገሩ ብዙ መሐላ አይፈልግም። ለጠጋኙ ድካም የሚከፈለውን ደግሞ ሁለቱ አስቀድመው በእኩል ያስቀምጡ፤ ሐቁ የተገኘለት ድርሻው ይመለስለታል።

ወላሁ አዕለም።