ሳይገጠም ስለሚላክ የቤት ዕቃ

ከሩቅ አገር የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የሚታወቀው በተገዛበት ቀን ሳይሆን በደኅና ደርሶ ለሥራ በዋለበት ቀን ነው። ወንበርና ጠረጴዛ፤ ቁም ሣጥንና መደርደሪያ ሳይገጠም ክፍል ክፍሉ ተለይቶ መላኩ ዛሬ በዓለም ሁሉ የተለመደ ሆኗል። ጥቅሙም ግልጥ ነው፤ ተገጥሞ ለሚጫን ወንበር ከሚከፈለው ኪራይ አብዛኛው በእግሮቹ መካከል ላለው ባዶ አየር ነውና።

ይህ ብልኀት አዲስ አይደለም። ሚካኤል ቶኔት የተባለው አናጢ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ያወጣው 14ኛ ቍጥር የተባለው ወንበር በእንፋሎት ከታጠፈ እንጨት የተሠራ ሆኖ 6 የእንጨት ክፍል፤ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ነበረው። ሳይገጠም ሲታሸግም 36ቱ ወንበር በ1 ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባ ነበር።

ነገር ግን ይህ ትርፍ የሚገኘው አስተሻሸጉና አጠባበቁ የተስተካከለ እንደ ሆነ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ ወደ ደጋው ይወጣል። ጅቡቲ ሙቀትና ርጥበት የበዛባት የባሕር ጠረፍ ስትሆን፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። እንጨትም ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ይኸውም በቁመቱ እጅግ ጥቂት፤ በወርዱ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ሰፊው ሳንቃ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ደግሞም ቀን የሞቀው ኮንቴይነር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ርጥበት በጣራው ላይ ውሃ ሆኖ በዕቃው ላይ ይንጠባጠባል።

እንግዲህ ላኪው የሳንቃውን ማዕዘን በወፍራም ካርቶን መሸፈን፤ በኮንቴይነሩ ውስጥ ርጥበት የሚመጥ ነገር ማኖር፤ ለያንዳንዱም ክፍል ቍጥር መጻፍ ይገባዋል። ብሎኑ ሁሉ በአንድ ከረጢት ተቋጥሮ ከትልቁ ክፍል ጋር ይታሰር። ማሸጊያው እንጨት እንደ ሆነ፤ ተባይ ከአገር ወደ አገር እንዳያልፍ በ2002 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፤ እስከ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሙቀት 30 ደቂቃ ያህል መቆየት ወይም በደንቡ በተፈቀደው በሌላ መንገድ መታከም፤ ምልክትም ሊደረግበት ያስፈልጋል።

ተቀባዩም ከመፈረሙ አስቀድሞ ይቍጠር፤ የተሰበረውንም በመረከቢያው ወረቀት ላይ ያስመዝግብ፤ ከፊርማ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ደካማ ነውና። በመጋዘንም ሳንቃው በግድግዳ ላይ ሳይደገፍ፤ ከወለል ከፍ ባለ፤ እኩል በሆነ መደላድል ላይ ተጋድሞ ይቀመጥ፤ ፀሐይና ፍሳሽ አይንካው። ከመገጠሙም በፊት ጥቂት ቀን አየሩን ይልመድ።

አንዲት ብሎን ስለ ጠፋች ጠረጴዛው በመጋዘን አቧራ ሲለብስ፤ ተማሪው በመሬት ተቀምጦ ይጽፋል፤ የሕዝቡም ገንዘብ ያለ ሥራ ይቀራል። ይህ ጥፋት የዕድል ሳይሆን የቸልተኝነት ነው። ስለዚህ ንብረት የተረከበ ሹም ሁሉ ትልቁን ሣጥን ብቻ ሳይሆን ትንሿን ከረጢት ጭምር እንደ አደራ ሊጠብቅ ይገባዋል።