ስለ «ባሰ» እና ስለ «አባሰ»

በአማርኛ እያንዳንዱ ነገር ሲበላሽ እንደ ባሕርዩ የራሱ ቃል አለው። ብረት ዛገ ይባላል፤ እህል ነቀዘ ይባላል፤ እንጀራ ሻገተ፥ እንጨት በሰበሰ፥ አተላም ዘቀጠ ይባላል። እነዚህ ሁሉ አሳብና ፈቃድ የሌላቸው ናቸውና ስለ መበላሸታቸው የሚወቅሳቸው የለም። ብረት ልዛግ ብሎ አልዛገም፤ እህልም ልንቀዝ ብሎ አልነቀዘም።

የሰው መክፋት ግን በመንገድ ይመሰላል። ኑሮው የወረደበት ሰው አሽቆለቆለ ይባላል፤ ይኸውም ቁልቁለቱን ወረደ ማለት ነው። ከአንድ ችግር ሸሽቶ ከርሱ በሚከፋው የወደቀውንም ሰው «ከድጡ ወደ ማጡ» ይሉታል። ይህ አነጋገር የክረምትን መንገድ ከሚያውቅ ሰው የወጣ ነው፤ ድጥ እግርን ያንሸራትታል፥ ማጥ ግን ሰውንም ከብትንም ይውጣል። ሰነፍ ተማሪ «ወደ ኋላ ቀረ» ይባላል፤ ደግ ሰው ደግሞ «ባልንጀራውን ከመርዳት ወደ ኋላ አይልም» ተብሎ ይመሰገናል። መንገድ በእግር ይሄዱበታል፥ እግርም ባለቤት አለው። ስለዚህ እነዚህ ቃሎች ሰውን ከብረትና ከእህል ለይተው፥ የሄደው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ይመሰክራሉ።

ነገር ግን ሰው ጥፋቱን መሸሸግ ይወዳልና በቋንቋው ውስጥ ሌላ በር ይፈልጋል። እንስራ የሰበረች ልጅ «ሰበርሁት» አትልም፤ «ተሰበረብኝ» ትላለች። ገንዘቡን በከንቱ የበተነ ጎልማሳም «ጨረስሁት» አይልም፤ «አለቀብኝ» ይላል። በዚህ አነጋገር እንስራው አጥፊ፥ ገንዘቡም በደለኛ፥ ሰውየው ግን የተበደለ ይመስላል። እንደዚሁም «ባሰ» እና «አባሰ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ግን ትልቅ ገደል አለ። «ባሰ» ያለ ሰው አድራጊውን አይናገርም፤ «አባሰ» የተባለ እንደ ሆነ ግን ማን እንዳባሰው ይጠየቃል።

አንድ ተማሪ ለአጨዳ ወደ ቤቱ ሄዶ፥ መጽሐፉን ሳይከፍት ሦስት ወር ተቀመጠ ይባል። በተመለሰ ጊዜ መምህሩ እንዲያነብ ቢያዝዙት፥ በየቃሉ እየተደናቀፈ «ንባቡ ጠፋኝ» ይላል። ንባብ ግን እንደ በግ ከመንጋው ተለይቶ አይጠፋም። ልጁ «ንባቤን ጣልሁት» ቢል ለጥቂት ጊዜ ያፍር ነበር፤ ነገር ግን ሰው የጣለውን ነገር የት እንደ ጣለው ያውቃልና ሄዶ ያነሣዋል። «ጠፋኝ» ያለ ሰው ግን የሚፈልግበትን ስፍራ አያውቅም።

ከዚህም ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ቃል «አገረሸ» የሚለው ነው። ይህ የበሽታ ቃል ነው። በቅማል የሚተላለፈውና እየተመላለሰ የሚነሣው ትኩሳት በሽተኛውን ጥቂት ቀን ያቃጥለውና ይለቀዋል፤ ሰዎች ዳነ ሲሉት ግን ሳምንት ያህል ቆይቶ እንደ ገና ይነሣበታል፤ የበሽታው ተሐዋስያን በሰውነቱ ውስጥ ተሸሽገው ኖረዋልና። እንደዚሁ መጠጥ ትቶ የነበረ ሰው ዳግመኛ ቢጠጣ ዘመዶቹ «አገረሸበት» ይላሉ። የቆየ ልማድ እንደ ተሸሸገ በሽታ ነውና ቃሉ እውነትነት አለው፤ እንዲህ ላለው ሰውም ርኅራኄና እርዳታ ይገባዋል። ነገር ግን ትኩሳት በሽተኛውን ከተኛበት ያገኘዋል፤ ወደ መጠጥ ቤት ግን የሚሄዱት በእግር ነው። በሽታውን የሚያውቅ ሰው እግሩንም ደግሞ ሊጠብቅ ይገባዋል።

በእርግጥ ሰው ሳያጠፋ የሚብስ ነገር አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ የሆነው ረኃብ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ይባላል። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬዎችን ስለ ፈጀ ገበሬው የሚጠምደው አጣ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ያንን ገበሬ «አንተ አባስኸው» ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን እንኳ፥ በሬ ያጣው ሰው ምድሩን በእጁ ይቈፍር ዘንድ፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ምሳሌ እንደ ሆኑ ይነገራል። መከራው ያለ አድራጊ መጣ፤ መውጫው ግን አድራጊ ፈለገ። ያ የከብት በሽታም በብዙ ሰዎች ትጋት ተሸንፎ፥ ከምድር ሁሉ እንደ ጠፋ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ።

ስለዚህ «የባሰ አታምጣ» የሚለው የየዕለቱ ጸሎት በትሑት ሰው አፍ መልካም ነው፤ ሰው ሊከለክለው የማይችለው ክፉ ነገር እንዳለ ያስታውሳልና። ነገር ግን ጣራው ሲያፈስ ሣር የማይጨምር ሰው ይህን እያለ ቢቀመጥ፥ የባሰውን የሚያመጣው የራሱ እጅ ማጣጠፍ ነው።

ደግሞም ወደ ኋላ መሄድ ሁሉ ክፉ አይደለም። መንገድ የሳተ ሰው ወደ ፊት በገፋ መጠን ከቤቱ ይርቃል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ይቀርባል። አማርኛም በሽታው «ተመለሰበት» እንደሚል፥ የተጸጸተውን ሰው ደግሞ «ወደ ልቡ ተመለሰ» ይለዋል። በወንጌል የተነገረለት የጠፋው ልጅ በሩቅ አገር ገንዘቡን ሁሉ በተነ፤ በዚያም አገር ረኃብ ሆነ። እርሱ ግን ረኃቡንም ዘመኑንም አልከሰሰም፤ የበደለ ራሱ እንደ ሆነ ተናገረ። ወደ አባቱ ቤት የሚወስደው መንገድ የተጀመረው ከዚያ ቃል ነው።

«ባሰ» የሚል ሰው በወደቀበት ይቀመጣል፤ «አባስሁ» የሚል ሰው ግን ይነሣል።