መርፌው ለስድስት ሳምንት፣ መዘዙ ለዓመት!

ፌሮ የሚያጥፈው፣ ግድግዳ የሚለስነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ጸጉር የሚያስተካክለው ሰው አንድ ቀን ክርኑን በውጭ በኩል ያመዋል። ስኒ ማንሳት፣ ፎጣ መጭመቅ፣ የበር እጀታ ማዞር ጭንቅ ይሆንበታል። ሐኪሞች «ቴኒስ ኤልቦ» ይሉታል። ታማሚዎቹ ግን አብዛኞቹ የቴኒስ ራኬት ጨብጠው አያውቁም።

ከዚያስ? ክሊኒክ ይሄዳል፣ ክርኑ ላይ ስቴሮይድ ይወጋል፣ ሕመሙ ብን ብሎ ይጠፋል። «ሕክምና ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ለጓደኛውም ይመክራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስቴሮይድ የተቆጣ ሰውነትን ያበርዳል። ለወራት የቆየ የክርን ሕመም ግን በዋናነት የመቆጣት ጉዳይ አይደለም። ከአቅሙ በላይ የተሠራበት ጅማት ውስጣዊ አደረጃጀቱ ተዛብቶ ነው። እንዲህ ያለ ጅማት የሚያስፈልገው ማደንዘዣ ሳይሆን አቅም ነው።

ማስረጃ? እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ 198 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። በስድስተኛው ሳምንት መርፌው አንደኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የክርን ፊዚዮቴራፒና እንቅስቃሴ የተሰጣቸው በለጡ። በ2013 የወጣው ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ 165 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ስቴሮይድ ከተወጉት 54 በመቶው ሕመሙ አገረሸባቸው። መድኃኒት የሌለው የማስመሰያ መርፌ ከተወጉት ያገረሸባቸው 12 በመቶ ብቻ ናቸው!

«የቀን ሠራተኛ ነገ ካልሠራ ምን ይበላል? መርፌውን ተዉለት» የሚሉ አሉ። መርፌው የሚጎዳው ግን በተለይ እሱን ነው። ሕመሙ ሲደበቅለት በማግስቱ ያንኑ ሸክም ያነሳል፤ ከወራት በኋላ ከሥራም ከገንዘቡም ይሆናል።

አማራጩ ወጪ የለውም። ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ፣ እጅን ከጠርዙ ማሳለፍ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ጨብጦ በሦስት ቆጠራ ማንሳት፣ በሦስት ቆጠራ ማውረድ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። ከ10 ነጥብ እስከ 3 ወይም 4 የሚደርስ ሕመም አያስደነግጥም፤ በማግስቱ ጠዋት ካልቀነሰ ክብደቱን ማቅለል ነው። ሲለመድ ደግሞ ትንሽ መጨመር፤ እንዲህ እያሉ 12 ሳምንት ያህል መቀጠል። ሥራ ሙሉ በሙሉ ማቆም አያስፈልግም፤ በጣም የሚያሳምመውን ብቻ ለጊዜው መቀነስ ይበቃል። እጅ ከደነዘዘ፣ ክርን ካበጠና ካተኮሰ ወይም ሕመሙ ከአደጋ በኋላ ከመጣ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

እንቅስቃሴው ተአምር አይደለም፤ አብዛኛው ሰው በዓመት ውስጥ በራሱም ይሻለዋል። ታዲያ በራሱ ሊሻለው የሚችልን ሰው ወደኋላ ለሚመልስ መርፌ ገንዘብ ማስከፈል ምን ይባላል?

መርፌ በደቂቃ ተወግቶ ይከፈልበታል። እንቅስቃሴን አስረድቶ፣ አሳይቶ፣ ቀጠሮ ሰጥቶ መከታተል ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ገቢውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ታማሚው ክንዱን ከመዘርጋቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ «ዶክተር፣ ከዓመት በኋላስ?» መልስ ከሌለ እጁን ይሰብስብ። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።