ለባሕር ነፋስ ትንበያ አማካይ ነጥብ አይበቃም

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1998 ከሲድኒ ወደ ሆባርት 115 የሸራ ጀልባዎች ለውድድር ተነሡ። መጨረሻው የደረሱት 44ቱ ብቻ ናቸው፤ 5 ጀልባዎች ሰጠሙ፣ 6 ሰዎች ሞቱ። የአውስትራሊያ ሚቲዎሮሎጂ ቢሮ ዝም አላለም ነበር። ውድድሩ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ማስጠንቀቂያውን አክብዶ ከ45 እስከ 55 ኖት የሚደርስ ነፋስ እንደሚመጣ አስታወቀ (55 ኖት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ከዚህ አያልፍም ብለው ተረዱት። ቁጥሩ ግን የ10 ደቂቃ አማካይ ነበር፤ ነፋሱ ለቅጽበት ሲበረታ በ40 በመቶ ሊበልጠው ይችላል።

ትንበያው ልክ ነበር ወይስ ስሕተት? በመዝገብ ሲታይ ደህና ነጥብ ያገኛል፤ ጀልባው ላይ ላለው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የትንበያ ሞዴል ሲመዘን ብዙ ጊዜ ከፊት የሚቀርበው አማካይ ስሕተቱ ነው። ይህ መለኪያ ደፋሩን ይቀጣል። የማዕበሉን ኃይል በትክክል ተንብዮ በ6 ሰዓት የዘገየ ሞዴል ሁለት ጊዜ ነጥብ ይጥላል፦ አንዴ ነፋሱ ሲነሣ ስላላሳየው፣ ሌላ ጊዜ ካለፈ በኋላ ስላመጣው። ቀኑን ሙሉ ለስለስ ያለ ነፋስ ያሳየው ፈሪ ሞዴል ደግሞ የተሻለ ውጤት ይዞ ይወጣል። መርከበኛ የቱን እንደሚመርጥ መጠየቅም አያስፈልግ!

ከምን ጋር ይነጻጸራል የሚለውም ያስቸግራል። ባሕር ላይ የሚንሳፈፉት መለኪያዎች ነፋስን አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት ከውኃው ወለል ከ3 እስከ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን ሞዴሎቹ የሚተነብዩት ለ10 ሜትር ነው። ዝቅ ባለ ቁጥር ነፋሱ ስለሚደክም፣ ሳይስተካከል የተነጻጸረ ቁጥር ሞዴሉን አጋናኝ ያስመስለዋል። ሜትኦፕ የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በራዳር የሞገዱን ሽብሽብታ አንብበው ነፋሱን ይገምታሉ፤ ሰፊ ባሕር ይሸፍናሉ። ትንበያን ያው ሞዴል ራሱ ባሰናዳው ካርታ መመዘን ግን ተማሪ የራሱን ፈተና እንደማረም ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሜይ 2018 በኤደን ባሕረ ሰላጤ የነፈሰው ሳጋር አውሎ ነፋስ ጎርፉን እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ አድርሷል። በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሊተከሉ የታሰቡ መለኪያዎች ደግሞ በሶማሊያ የባሕር ላይ ውንብድና ምክንያት ለዓመታት ዘግይተዋል።

ስለዚህ የትንበያ ማዕከላት ከ34 ኖት በላይ ላለው ነፋስ ብቻ የተለየ ውጤት፣ ለየባሕሩ ለይተው፣ ስንቱ እንዳመለጣቸውና ስንቱን በከንቱ እንዳስጠነቀቁ ጨምረው፣ ከትንበያው ጎን ለሕዝብ ሊያወጡ ይገባል።