ፎቶግራፍ አንሺውስ ስም የለውምን?

«ፎቶግራፍ የሚያነሣው መሣሪያው ነው፤ ሰውዬው ጣቱን ከመጫን በቀር ምን ደከመ?» የሚል አነጋገር በመሥሪያ ቤትም፥ በትምህርት ቤትም፥ በቡና ቤትም እንሰማለን። ይህን ተከትሎ የሚመጣ ሌላ አነጋገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም «የሰውን መልክ ማንሣት ቁም ነገር ነው፤ የልብስ ፋሽን ማንሣት ግን የነጋዴ ማስታወቂያ ስለ ሆነ ከጥበብ አይቈጠርም» የሚለው ነው። ብዕራችንን ያነሣነው ሁለቱም አነጋገሮች ስሕተት መሆናቸውን፥ ስሕተታቸውም ሰው የሚጐዳ መሆኑን ለማሳየት ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሥራውን የሚሠራው መሣሪያው ከሆነ ሪቻርድ አቬዶንና ኧርቪንግ ፔን አንድ መምሰል ነበረባቸው። ሁለቱም አሜሪካውያን ናቸው፤ ሁለቱም በኒው ዮርክ ተቀምጠው በአንድ ዘመን ለልብስ ፋሽን መጽሔቶች ሲሠሩ ኖረዋል። ነገር ግን አቬዶን ሴቶቹን በፓሪስ ጎዳና ላይ ሲያስሮጥና ሲያዘልል፥ ፔን ደግሞ አንዲቱን ሴት ባዶ መጋረጃ ፊት አቁሞ የቀሚሷ ቅርፅ ብቻ እስኪታይ ድረስ ሌላውን ሁሉ ያስወግድ ነበር። አቬዶን በ1955 በፓሪስ የሰርከስ አዳራሽ ዶቪማ የተባለችውን የልብስ አሳዪ በዝሆኖች መካከል ያነሣበትን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። የዝሆኖቹ ቆዳ የተጨማደደና ሻካራ ነው፤ የዲዮር ቤት ቀሚስ ግን ልሙጥ ነው፤ እርስዋ እጆችዋን ዘርግታ ስትቆም የዝሆኖቹ እግር በሰንሰለት እንደ ታሰረ ይታያል። ቀሚስ ለመሸጥ ብቻ ቢሆን ሰንሰለቱን ማሳየት ምን ያስፈልግ ነበር?

ፋሽንና የሰው መልክ የማይገናኙ ናቸው ለሚሉትም መልስ የሚሆነው ራሱ ፔን ነው። በ1950 በፓሪስ በአንድ አሮጌ የቴአትር መጋረጃ ፊት፥ በመስኮት በሚገባ የቀን ብርሃን፥ የታላላቆቹን ልብስ ሰፊዎች ቀሚስ ያነሣ ነበር። በዚያው ቤት፥ በዚያው መጋረጃ ፊት፥ በዚያው ብርሃን ደግሞ ሥጋ ሻጩን፥ ኬክ ጋጋሪውንና ሌላውን የእጅ ሠራተኛ ሁሉ የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ መሣሪያውን አስይዞ አነሣ። ለእመቤቲቱ የሰጠውን ክብር ለኬክ ጋጋሪው አልነሣውም። ልብስን አጥርቶ ማየት የለመደ ዓይን የጋጋሪውን ሽርጥ መታጠፊያም አጥርቶ ያያል፤ ስለዚህ ፋሽኑ ለመልኩ ትምህርት ቤት ሆነለት እንጂ አላበላሸውም።

ይኸው ፔን በ1948 ዝነኞችን ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ጠባብ ማዕዘን ውስጥ እያስገባ ሲያነሣ፥ አንዱ ተኰራመተ፥ ሌላው ግድግዳውን ተደግፎ ዘና አለ፤ ሙዚቀኛው ስትራቪንስኪ ግን እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ። የአርመን ተወላጁ ካናዳዊ ዩሱፍ ካርሽ በተቃራኒው ጥላና ብርሃንን በመብራት እየቀረጸ ሰውን እንደ ሐውልት ያቆማል፤ በ1941 በኦታዋ የቸርችልን ሲጋራ ከአፋቸው ነጥቆ ያነሣው ቍጡ መልክ ለዚህ ምስክር ነው። አቬዶን ደግሞ ከ1979 እስከ 1984 በምዕራብ አሜሪካ እየዞረ የማዕድን ቆፋሪዎችንና መንገደኞችን በነጭ ወረቀት ፊት ከአገራቸውና ከሥራቸው ለይቶ አነሣ። «ጨካኝ ነው» ያሉት ነበሩ፤ እኛም ከእርሱ ይልቅ የፔንን ርኅራኄ እንመርጣለን። ቢሆንም መምረጥ ሌላ፥ ሌላውን ጥበብ አይደለም ብሎ ማባረር ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር የባማኮን ነገር ይስማ። ሴይዱ ኬይታ አናጢነት የተማረ ሰው ነበር፤ በ1948 በማሊ ከተማ በባማኮ የፎቶግራፍ ቤት ከፈተ። ደንበኞቹን በግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን፥ አበባና ሐረግ በተሣለበት ጨርቅ ፊት ያነሣቸዋል፤ የሴቲቱ ቀሚስ ጥለትና የጨርቁ ጥለት ተደባልቀው ፊትዋና እጆችዋ ብቻ እንደ ጨረቃ ብቅ ይላሉ። ሰዓትም፥ ራዲዮም፥ የፈረንጅ ልብስም ያውሳል፤ ስለዚህ ሥራው መልክም ፋሽንም ነው፤ ድንበሩን ማን ያሰምር? የመጀመሪያው መጋረጃ የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር፤ በየሁለት ሦስት ዓመቱም ይለውጠው ስለ ነበር ኋላ የፎቶግራፎቹን ዘመን ከመጋረጃው ይለይ ነበር። እነዚህ ፎቶግራፎች በ1991 በኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ ሲሰቀሉ ግን አንሺው «ያልታወቀ» ተብሎ ነበር። ሰውዬው በባማኮ በሕይወት ተቀምጧል! የሥራው ልዩ መልክ የገባው ፈረንሳዊ አንድሬ ማኛን ባማኮ ድረስ ሄዶ ጠይቆ አገኘው፤ በ1994 በፓሪስ በካርቲዬ ድርጅት ብቻውን ታየ። ስሙን የመለሰለት ስልቱ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ያነሡት አርመናውያን ቦያጂያኖች ናቸው። ሥራቸውን በመጽሐፍና በቀን መቍጠሪያ ላይ ስናይ ከሥሩ ስማቸው ስንት ጊዜ ተጽፎ እናገኛለን? በየክፍለ ሀገሩ ከተማ በቀለም የተሣለ ሐይቅና ድልድይ ጀርባ አድርገው፥ እጅን ወንበር ላይ አስደግፈው፥ በሪቱሽ ፊትን እያጠሩ ያነሡትንማ ማን ይጠራቸዋል? ዛሬ ደግሞ የእጅ ስልኩ ፊቱን ሁሉ በአንድ ሞረድ እንደ ተሞረደ አድርጎ ያወጣዋል፤ ይህንም «ጥራት» የሚሉ አሉ።

ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚያትም መሥሪያ ቤት ሁሉ የአንሺውን ስም፥ ቦታውንና ዓመቱን ከሥር ይጻፍ፤ ይህ ከአንድ መሥመር የበለጠ ቀለም አይፈጅም። መምህራንም የሁለት አንሺዎችን ሥራ ስሙን ሸፍነው በተማሪዎች ፊት ያስቀምጡና የማን የማን እንደ ሆነ፥ ምክንያቱንም ይጠይቁ። የፎቶግራፍ ቤት ሲዘጋ ኔጋቲቩ ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣል ቤተ መዛግብት ይረከበው፤ ኬይታ በሺህ የሚቈጠሩ ኔጋቲቮቹን ባያስቀምጥ ኖሮ ማኛን ባማኮ ቢደርስም የሚያገኘው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር።