ውሻው ይላጭ ወይስ ይበጠር?

«ባለቤቴ ጀርመን ሼፐርድ አምጥቶ ቤቱ ፀጉር በፀጉር ሆነ። ልጄ አስም አለባት። ውሻውን ላስላጨው?» ላሉን እናት፦

ኧረ እንዳያስላጩት! ይህ ዝርያ፣ እንደ ላብራዶርና ሀስኪ ሁሉ፣ ድርብ ፀጉር አለው፤ ላዩ ሻካራ፣ ውስጡ ልስልስ። ዓመቱን ሙሉ ያረግፋል፤ ወቅት ሲለወጥማ ይብስበታል። ቢላጭም ማርገፉን አይተውም፤ ከፀሐይና ከብርድ የሚከልለውን ልብሱን ግን ያጣል። ይልቅ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ደጅ አውጥተው ያበጥሩት።

የልጅዎ ነገር ግን ከፀጉር ያለፈ ነው። አለርጂ የሚቀሰቅሰው በውሻው ምራቅና በቆዳው ፎረፎር ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ መጥረጊያ ብቻውን አያጠፋውም። ውሻው መኝታ ቤት ድርሽ አይበል። ልጅቷን ሐኪም ይያት። «የሚያስነሳባት ውሻው ነው» ካለ፣ ባለቤትዎን ቁጭ አድርገው ይንገሯቸው፤ ለውሻ ሌላ ቤት ይፈለግለታል፣ የልጅ ትንፋሽ ግን ምትክ የለውም።